ሁሉም መሬት የግል በሆነበት አካባቢ አጋዘን የት ላድን?

«በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ስቴት ደቡብ ዙሪያዬ ሁሉ የግል እርሻ ነው፣ ነጭ ጅራት አጋዘን የት ገብቼ ላድን?» ላልከው፦ የገበሬውን በር አንኳኳና ጠይቅ። ግን በጁላይና በኦገስት ይሁን። የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። በኦክቶበር ብትሄድ ሰውየው አጨዳ ላይ ነው፤ ምናልባት መሬቱንም ለሌላ ፈቅዶ ጨርሷል።

1. ባለቤቱን ለይ። የካውንቲው የመሬት ካርታ ወይም ኦንኤክስ የሚባለው አፕ ስሙን ያሳይሃል።

2. ብቻህን፣ ያለ መሣሪያ ሂድ። የትኞቹን ቀናት እንደምትመጣና መኪናህን የት እንደምታቆም ንገረው። ትልቅ ቀንድ ያለው ወንድ አጋዘን ስለ መግደል አታውራ። አጋዘኖቹ በቆሎውንና አኩሪ አተሩን ይበሉበታል። ስለዚህ የአካባቢው ደንብ ከፈቀደ «እንስቶቹን ልቀንስልህ» በለው። እኔ ፈቃድ ያገኘሁት እንደዚያ ብዬ ነው።

3. እምቢ ካለህ አመስግነህ ውጣ። ስቴቱ ለባለቤቶቹ ከፍሎ ለአዳኝ የከፈታቸው ዋክ-ኢን አክሰስ የሚባሉ መሬቶች አሉ። የሚገባው በእግር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሚኒሶታ የእርሻ መሬት «አትግባ» የሚል ምልክት ባይኖረውም ያለ ፈቃድ ለአደን አይገባበትም። አንድ ዓመት የመታሁት አጋዘን አጥር ዘሎ ጎረቤት እርሻ ገባ። ባለቤቱን አላውቀውም። ፈልጌ እስካገኘው ሌሊቱ ተጋመሰ። ጠዋት ስንደርስ ኮዮቴ የሚባሉት ቀበሮ መሰል አውሬዎች ግማሹን በልተውታል። እንስሳውን እንደዚያ ማባከኔ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ኩታ ገጠም እርሻ ያላቸውን ሁሉ አስቀድመህ አናግር፣ ስልካቸውንም ያዝ።