ተኝቶ የሚገባ ገንዘብና የድርጅት ኒውስሌተር፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ባለፈው ቅዳሜ «ስለ ኦንላይን ገቢና ስለ ድርጅት ኒውስሌተር (ድርጅት ለደንበኞቹ በየጊዜው ስለሚልከው ጽሑፍ) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ከደብረ ብርሃን አልፎ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበር መጣ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ለሦስት ድርጅቶች በየወሩ ኒውስሌተር እጽፋለሁ፤ ከጎን ደግሞ ከኦንላይን የሚንጠባጠብ ትንሽ ገቢ አለኝ። ሀብታም አይደለሁም። ይህን የምጽፈውም ጋቢ ተከናንቤ ነው፤ የከተማችንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ፓሲቭ ኢንካም የሚሉት ነገር እውነት አለ? ተኝቼ ብር ይገባልኛል?

አለ፣ ግን ስሙ ያታልላል። ቤት የሚያከራይ ሰው ተኝቶ ይበላል አይደል? ቤቱን ግን አንድ ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ሠርቶታል። ኦንላይንም እንደዛው ነው። መጀመሪያ ለወራት ማንም ሳይከፍልህ ትሠራለህ፣ ከዚያ የሠራኸው ነገር ቀስ እያለ ይከፍልሃል፣ ቆይቶ ደግሞ ጣሪያው ያፈስና ማደስ አለብህ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ያገኘሁት የኢንተርኔቴን ወጪ እንኳ አልሸፈነም። አሁን የቤት ኪራዬን ይሸፍናል። እንጀራዬ ግን ኒውስሌተሩ ነው።

ጥያቄ፦ 10,000 ብር አስገባና በቀን 3 በመቶ ትወስዳለህ የሚል አፕ አለ። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ አውጥቷል። ልግባ?

አትግባ። ካልኩሌተር አውጣና አስላው። በቀን 3 በመቶ እየወለደ ሳይነካ ቢቀመጥ ብርህ በ24 ቀን ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ በዓመቱ ደግሞ 10,000ው ከ480 ሚሊዮን ብር በላይ ይደርሳል። እንዲህ የሚወልድ ነገር ያለው ሰው ያንተን 10,000 ምን አስለመነው? ጓደኛህ ሁለት ጊዜ ያወጣው ከኋላው የገቡ ሰዎችን ብር ነው፤ ማጥመጃው እሱ ራሱ ነው፣ ሳያውቀው። አንዳንዱ «እንደ ዕቁብ ነው» ይላል። በጭራሽ። ዕቁብ ወለድ አይከፍልም፣ ዳኛውንም ቤቱ ድረስ ሄደህ ታንኳኳለህ።

ከዚህ የሚለየው በ2016 ክረምት አገር ምድሩ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) አገኛለሁ ብሎ ስልኩን ሲነካካ የከረመበት ሃምስተር የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ነው። እሱ ብር አስገቡ አላለም ነበር፣ የበላው ጊዜና ባትሪ ነው። መስከረም 2017 ላይ ክፍያው ሲመጣ የስንቱ ፊት እንደተኮማተረ አይተናል።

ጥያቄ፦ መንዝ መሐል ሜዳ ነኝ። ባና (ከበግ ጸጉር የሚሸመነው ብርድ ልብስ) ሲሠራ እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ ብለቅ ያዋጣል?

ይህ ጥያቄ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ደንቡን እወቅ። ከማስታወቂያ ለመካፈል 1,000 ተከታይ ያስፈልግሃል፤ በዚያ ላይ ወይ ባለፉት 12 ወራት 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ፣ ወይ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ጊዜ የታየ ሾርት (አጭር ቪዲዮ)። ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው ለባለቤቱ ነው። ግን የሚከፈለው ተመልካቹ ባለበት አገር ይለያያል፤ ዋሽንግተን ያለ አንድ የመንዝ ልጅ ሲያየው እዚህ ብዙ ሰው ካየው የበለጠ ሊያስገባልህ ይችላል። ስለዚህ ለናፋቂ ሰው ቅረጽ። ሙዚቃ አትደርድርበት። በጉ ሲሸለት፣ እናትህ ጸጉሩን ስትፈትል፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር ድምፁ ይሰማ። ባና ውስጥ ተጠቅልሎ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ ቪዲዮውን አይዘጋውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ከአሜሪካ ተመልካች በሚገኘው ገቢ ላይ የእነሱ ግብር አለ። የግብር ፎርሙን ካልሞላህ ደግሞ ከአሜሪካው ብቻ ሳይሆን ከመላው ገቢህ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። ፎርሙ አሰልቺ ነው፣ ሙላው። ባናውንም ሽጥ እንጂ! ከማስታወቂያው በፊት የሚያዋጣህ እሱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ይከፍላል ይባላል?

ይከፍላል። ከ2016 መጋቢት አካባቢ ጀምሮ 1,000 እና ከዚያ በላይ ተከታይ ያለው ለሁሉም ክፍት የሆነ ቻናል ከሚታይበት ማስታወቂያ ግማሹን ያገኛል። የሚከፈለው ግን ቶን በሚባል ክሪፕቶ ነው። በዚህ ብቻ ሥራ አትልቀቅ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ዘርና የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። አለቃዬ ኒውስሌተር ጻፊ አለኝ። ምን ልጻፍ? ድርጅታችን የሠራቸውን ነገሮች ነው?

እህቴ፣ እሱን ብቻ እንዳትጽፊ። የመጀመሪያው ኒውስሌተሬ ርዕስ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ «ድርጅታችን የምሥረታ በዓሉን በደማቅ ሁኔታ አከበረ» ይላል። ከላይ ሥራ አስኪያጁ ኬክ ሲቆርሱ፣ ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ መልእክት፣ ከዚያ ደግሞ ኬኩ ብቻውን። ያንን አንብቦ የደወለ ሰው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ስሙ የተሳሳተበት የራሳችን ሒሳብ ሠራተኛ።

ገበሬው በዚያ ሳምንት እጁ ላይ ያለውን ጉዳይ ጻፊለት። እናንተ ጋ ሽንኩርት አለ። ቅጠሉ ግማሽ ያህሉ ተኝቷል እንበል። ከመንቀሉ ከ10 እስከ 15 ቀን በፊት ውሃ መቆም አለበት፣ አለዚያ አንገቱ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ይገባና ይበሰብሳል። ከተነቀለም በኋላ ጥላ ላይ ተዘርግቶ መሰንበት አለበት። «ይህንንማ ገበሬው ያውቀዋል» ትይኝ ይሆናል። ያውቀዋል! ግን እርጥብ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ዋጋው ጥሩ ከሆነ ደግሞ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ስለዚህ እያወቀ ይነቅለዋል። ኒውስሌተርሽ የሚገባው እዚህች ጋ ነው። ርዕሱን «ውሃውን መቼ ላቁም?» በይው። አንድ ቀን ቀድሞ ሸጦ የሚያገኘውንና በብስባሽ የሚያጣውን በብር አስልተሽ አሳዪው፣ አንድ ልምድ ያለው ገበሬ ምን እንደሚያደርግ በራሱ አነጋገር ጻፊ፣ ከታች ደግሞ «ለሚቀጥለው ወቅት የሚሆን ዘር ገብቷል» የምትል አንዲት መስመር። ስለ ሽያጭ የምታወሪው በእሷ ብቻ ነው።

ርዕስ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ አንድ ጠዋት ባንኮኒው ጋ ተቀመጪና ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ ደብተር ላይ እንደወረደ ጻፊ። እኔ አንድ ጠዋት ከእንስሳት መኖ ሻጭ ጋ ተቀምጬ የሰባት ወር ርዕስ ይዤ ወጥቻለሁ። አለቃሽ «የእኔ ፎቶ የታለ?» ማለታቸው አይቀርም። መጨረሻው ላይ አስቀምጪላቸው፣ ሰላም ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ገበሬ ኢሜይል ያነባል እንዴ?

አያነብም። ለእሱ ቴሌግራም፣ የድምፅ መልእክት ወይም አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። የጽሑፍ መልእክት ላይ ግን ብዙ ድርጅት ሳያውቅ ይከስራል፤ በላቲን ፊደል አንዱ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው፣ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይታሰባል። «ውድ ደንበኛችን እንደምን ሰነበቱ» ስትል 20 ሆሄ ሄደ። ሰላምታውን ተውና ወደ ጉዳዩ ግባ።

ጥያቄ፦ አድራሻ ከየት ልሰብስብ? የሚሸጡ አሉ።

አትግዛ። አሁን 1321/2016 የሚባል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ የሰውን አድራሻ እንደፈለጉ መጠቀም ቀርቷል። አዋጁ ባይኖርም ያልጠየቀህ ሰው አያነብህም። ደረሰኝ ስትሰጥ «በወር አንዴ የሚጠቅም ነገር ልላክልዎት?» ብለህ ጠይቅ። እሺ ያሉህ 60 ሰዎች ከተገዛ 6,000 ይበልጣሉ።

ሌላ ደግሞ፣ ከእኔ ተማር፦ አንድ ጊዜ የደንበኞችን አድራሻ በሙሉ ተቀባይ የሚለው ቦታ ላይ ደርድሬ ላክሁት። ሁሉም የሁሉንም አድራሻ አየ። አንዱ ነጋዴ ተፎካካሪው እዚያ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አይቶ ደወለልኝ፤ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። በድብቅ ቅጂ (BCC በሚለው ቦታ) ላኩ፣ ወይም ለኒውስሌተር የተሠራ መላኪያ ተጠቀሙ። «ከዚህ በኋላ አትላኩልኝ» የሚል ማስፈንጠሪያም በግልጽ ይታይ። መውጫ ያጣ ሰው «ስፓም» የሚለውን ይጫናል፤ ብዙ ሰው ከተጫነው ጂሜይል ሌሎቹንም መልእክቶችህን ቆሻሻ ውስጥ ይከታቸዋል።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው እንደከፈተው የሚያሳየው ቁጥር ይታመናል?

ግማሽ በግማሽ። አፕል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠቃሚው ሳይከፍተውም የተከፈተ የሚያስመስል አሠራር አለው። እኔ የምቆጥረው የደወለና የመለሰ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አጽፌ ብሸጥስ?

እኔም ፊደል ግድፈት አስለቅምበታለሁ። ግን የሸዋ ሮቢት ደላላ ትናንት ለሽንኩርቱ ስንት እንዳለ ማሽኑ አያውቅም። ደንበኛው የሚከፍልህ ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ላስከፍል? ካልከፈሉኝስ?

በገጽ አትዋዋል፣ በወር ተዋዋል። ሦስት ወር በአንድ ውል፣ ግማሹን በቅድሚያ። እኔ አንድ ድርጅት አራት እትም አስጽፎኝ «ፋይናንስ ጋ ነው» እያለ ስምንት ወር አመላለሰኝ፣ ብሩም እስካሁን እዚያው ፋይናንስ ጋ ነው። የወረቀት ውል አልነበረኝም፣ የነበረኝ «አይዞህ» ነው። ሦስት ደንበኛ በየወሩ በውል ከያዝክ፣ ከዚህ የተሻለ ተረጋግቶ የሚገባ ገቢ እኔ አላየሁም።

ጥያቄ፦ አንኮበር የምኖር ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ነኝ። የ30 ዓመት የፈተና ጥያቄዎች ማስታወሻ አለኝ። ልጄ፣ ይሸጣል?

ጋሼ፣ ከጠየቁኝ ሁሉ ለተኝቶ መብላት የሚቀርበው የእርስዎ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በየዓመቱ አዲስ ነው፣ ጥያቄው ግን ያው። ሁሉንም በአንዴ አይልቀቁት። አንድ ምዕራፍ ይምረጡ፣ ተማሪ ሁልጊዜ የሚሰናከልበትን፤ 40 ጥያቄ ከነአሠራሩ ያዘጋጁ፣ አሥሩን በነፃ ይልቀቁ፣ ቀሪውን በቴሌብር ይሽጡ። ይሰራጭብኛል ብለው እንዳይጨነቁ፣ በየገጹ ላይ የገዛው ልጅ ስም ይጻፍበት። የራሱን ስም ይዞ ለሰፈር የሚበትን ልጅ ብዙ አይደለም። ቴሌግራም ላይም ማስቀመጥና ማስተላለፍን የሚከለክል ቅንብር አለ፤ ፎቶ ማንሳቱን ግን ማን ይከለክላል።

የእጅ ጽሑፍዎን ለመተየብ ሰው ካስፈለገዎት ከፍለው አይቅጠሩ፤ ደብተሩን በስልክ ፎቶ አንስተው የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥያቄዎች ይላኩልኝ፣ እኔ እተይብልዎታለሁ።