የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኪሎው ሲቀንስ ጉልበት እንዳይከዳ

ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በዚህ እትም የመረጥነው ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ ሰዎችን የሚመለከቱትን ነው። ከሐኪምዎ የተሰጠዎት መመሪያ ከእኛ መልስ ጋር ከተለያየ የሐኪምዎን ይያዙ፤ ሆድዎን ያየው እሱ ነው።

እናቴ 64 ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና አድርገው በአሥረኛው ቀን ወደ ቤት ልናመጣቸው ነው። ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ምን ላብላቸው? ምን ያህልስ ላጠጣቸው? (ከኮምቦልቻ)

ከምግቡ በፊት መንገዱን እናንሳ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ሰዓት እግር አጥፎ መቀመጥ፣ በቅርቡ ለተሠራና ዕድሜው ለገፋ ሰው፣ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ላይ ከደረሰ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ አስወርዳችሁ ቢያንስ አምስት አምስት ደቂቃ አራምዷቸው። መኪና ውስጥም በየግማሽ ሰዓቱ የእግራቸውን ጣቶች ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ ያንቀሳቅሱ። ሐኪሙ ደም የሚያቀጥን መርፌ አዞላቸው ከሆነ «አሁንማ ደህና ነኝ» ተብሎ አይቋረጥም።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ በስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ሆኖ ይሰፋል። የሚይዘውም ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ነው። በአሥረኛው ቀን ስፌቱ ገና አልጠናም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የፈሳሽ ብቻ ናቸው፦ ተፈልቶ የበረደ ወተት፣ ተመትቶ የቀጠነ እርጎ፣ ስቡ የተገፈፈ የሥጋ መረቅ፣ የተጠለለ የምስር ሾርባ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ያለ እንጀራ በማንኪያ የሚበላ ስስ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ በእርጎ የላመ አይብ ይቻላል። በአምስተኛውና በስድስተኛው የተቀቀለ እንቁላልና አጥንቱ የተለቀመ ዓሣ ይጨመራል። እንጀራ ከስምንተኛው ሳምንት በፊት ባይቀርብ እንመርጣለን። ለስላሳ ስለሆነ ሰው ሳያኝከው ይውጠዋል፤ ከዚያ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ይቆማል። ጊዜው ሲደርስም ቀድሞ የሚበላው ወጡ ነው፣ በማንኪያ። እንጀራው ቦታ ከተረፈ ብቻ ይከተላል።

አጥሚቱ ቀጭን ከሆነ፣ ማር፣ ስኳርና ቅቤ ካልገባበት ይጠጣሉ። ገንፎው አይሆንም። ሰው ጠያቂን ባዶ እጁን መመለስ ስለሚከብደው ቤተሰብ «ለእኔ ስትሉ አንድ ጉርሻ ብቻ» ሲባል ይሸነፋል። ያቺ አንድ ጉርሻ ግን ታስመልሳለች፤ ማስመለሱ ደግሞ አዲሱን ስፌት ይጎትታል። ያመጡትን በምስጋና ተቀብላችሁ እናንተ ብሉት። ለእናትዎ ከማዕዱ የተለየች አንዲት የሻይ ሳህን ትኑራቸው፤ ከትሪ ላይ የበሉትን መጠን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ለውሃው የቡና ሲኒ ይበቃል። ሲኒ ሁሉ እኩል ስላልሆነ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 30 ሚሊ ሊትር ለክተው ያግቡና የሚደርስበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሲኒ አካባቢ ነው። ይህችን በየ15 ደቂቃው ፉት እያሉ ይጨርሱ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል 50 ጊዜ ይሆናል፤ 1.5 ሊትር ሞላ ማለት ነው። በአንዴ መጨለጥ ያማል። እስኪጠማቸው መጠበቅም አያዋጣም፤ ዕድሜ ሲገፋ ጥም ይደነዝዛል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ሳይታወቅ ያደርቃል። ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ ውሃው አንሷል። ምግብ ከተጀመረ በኋላ ግን ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ 30 ደቂቃ ይለፍ።

የልብ ምታቸውን ጠዋትና ማታ፣ አርፈው ሳሉ፣ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ አንጓቸው ላይ ይቁጠሩ። ከ100 በላይ ሆኖ ካልወረደ ለቀዶ ሐኪሙ ይደውሉ። 120 ከደረሰ፣ ወይም የሆድ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ ግራ ትከሻቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አንድ እግራቸው ለብቻው ካበጠ፣ ለነገ የሚባል አይደለም። ስፌቱ አፍስሶ ወይም ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት የለም ብለው አይዘናጉ፤ በአረጋውያን ላይ ትኩሳቱ ላይመጣ ይችላል።

67 ዓመቴ ነው። ከተሠራሁ አራት ወር ሆኖኛል፤ 26 ኪሎ ቀንሻለሁ። ቤተሰቡ ደስ ብሎታል። እኔ ግን ካልተደገፍሁ ከመቀመጫዬ መነሳት አልችልም፤ ከፒያሳ ወደ ቤቴ ያለውን ዳገት ሁለት ጊዜ አርፌ ነው የምወጣው። በዚያ ክብደቴ እንኳ እንዲህ አልነበርኩም። (ከደሴ)

ሚዛን ስንት ኪሎ እንደሄደ ይነግርዎታል፤ ምኑ እንደሄደ ግን አይነግርዎትም። ስብ ሲቀልጥ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ወጣት በቀላሉ ይተካዋል፤ ከ60 በኋላ ግን ካልሠሩበት አይመለስም። ከእርስዎ ደብዳቤ የገባን ይኸው ነው፣ 26 ኪሎው ውስጥ ጡንቻም አለ።

ይህን በቤትዎ መመርመር ይችላሉ። መደገፊያ ክንድ የሌለው ወንበር ግድግዳ ያስነኩ። አጠገብዎ ሰው ይቁም። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ፤ ሰውየው በሰዓት ይያዝልዎ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ወይም ጭራሽ ካልቻሉ ጡንቻዎ ደክሟል። ቁጥሩን ጽፈው በየወሩ ይድገሙት። ከሚዛኑ ይልቅ ይህን ቁጥር ቢከታተሉ ደስ ይለናል።

ሁለት ነገር ያስፈልግዎታል። የመጀመሪያው ፕሮቲን ነው፣ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም። ኩላሊትዎ ጤነኛ ካልሆነ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን። ለምሳሌ ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16፣ እዚያው ወተት ውስጥ የሚበጠበጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት 6፣ ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ 80 ግራም ያህል ተቀቅሎ ወደ 20፣ 60 ግራም አይብ 8። ድምሩ 62 ነው። በአንድ ጊዜ ስለማይገባ በአምስት ወይም በስድስት ይከፋፍሉት። ማኘኩ ላይ አይቸኩሉ፤ እያንዳንዱን ጉርሻ 20 ጊዜ ያኝኩ።

ሁለተኛው ጡንቻን ማሠራት ነው፤ ፕሮቲን ብቻውን ጡንቻ አይሠራም። በሳምንት ሦስት ቀን ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ስምንት ስምንት ጊዜ ሦስት ዙር። መጀመሪያ እየተደገፉ፣ ቀስ በቀስ በአንድ እጅ፣ ከዚያ ያለ እጅ። አንድ ሊትር የሚይዙ ሁለት ሀይላንዶች ውሃ ሞልተው በሁለት እጅዎ ከጭን እስከ ትከሻ 10 ጊዜ ያንሱ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘው ተረከዝዎን 10 ጊዜ ያንሱ። የዙሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ካልከበዱዎት መጠኑን ይጨምሩ። ዳገቱንም አይሽሹት፤ እያረፉም ቢሆን ይውጡት። ደረትዎን ከያዘዎ ግን ያ የጡንቻ ጉዳይ አይደለም፣ ልብዎን ይታዩ።

ድካሙ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም ይመርመሩ። ውስጥ እግርዎን የሚያቃጥልዎ ወይም የሚደነዝዝዎ ከሆነ በተለይ ቢ12ን። ሜትፎርሚን (የስኳር ክኒን) እና ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ) የሚወስዱ ሰዎች ላይ እጥረቱ ይብሳል። እጥረቱ እንዳይመጣ ለመከላከል በወር አንድ ጊዜ የ1000 ማይክሮ ግራም መርፌ ይበቃል፤ እጥረት ከተገኘ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን። የካልሲየምና የአይረን ክኒን ሲወስዱ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያርቁ፤ አንዱ ሌላውን ያግዳል።

ባለቤቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገጣጥመውን ቀዶ ሕክምና) ከተሠራች ሁለት ወር ሆኗታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የበላችውን ትመልሳለች። ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ግሉኮስ ተተክሎላታል። አሁን ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኛል ትላለች፣ ስትራመድም ትንገዳገዳለች። (ከሐይቅ)

ደብዳቤው እንደደረሰን ወዲያው ደውለን ደሴ ሆስፒታል እንዲያደርሷቸው ነግረናል። እዚህ የምናወጣው ሌላ ቤት ተመሳሳይ ነገር እንዳይደርስ ነው።

ሰውነት የሚያከማቸው ቫይታሚን ቢ1 ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ያለማቋረጥ የሚያስመልስ ሰው ያልቅበታል። ግሉኮስ ሲገባ ሰውነት እሱን ለማቃጠል የቀረችውን ቢ1 ይጠቀምባትና አንጎል ባዶውን ይቀራል። ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ መንገዳገድና ግራ መጋባት የዚህ ምልክቶች ናቸው፤ ከዘገየ የማስታወስ ችሎታ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሲያስመልስ ቆይቶ ክሊኒክ ከሄደ ለነርሷ በቅድሚያ የሚነገረው «ጨጓራዋ ተሠርቷል፤ ከግሉኮሱ በፊት ቢ1 በደም ሥር ይሰጣት» የሚል ነው። ፈሳሹን ለመተካት ኖርማል ሳላይን (ስኳር የሌለው የጨው ውሃ) አለ። ግሉኮሱ ላይ የሚጨመረው ቢጫው ቢ ኮምፕሌክስ ለዚህ ደረጃ የሚያስፈልገውን መጠን አይተካም።

የማስመለሱ ምክንያትም ይፈለግ። በሁለተኛው ወር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጨጓራና አንጀት የተገጣጠሙበት ቦታ መጥበብ ነው፤ በኢንዶስኮፒ ይሰፋል። ሌላው ቁስለት ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወጋው ዳይክሎፌናክ፣ የሚዋጠውም አይቡፕሮፌን፣ መጋጠሚያው ላይ ቁስል ያወጣሉ። ባይፓስ የተሠራ ሰው በሐኪም የታዘዘለት ፓራሲታሞል ነው የሚሆነው። ይህን በካርዱ ላይ በትልቁ ያጽፉት።

ሁለት ጥያቄዎች ከወልዲያ፦ የ63 ዓመት እናት በዐቢይ ጾም፣ የ66 ዓመት አባት በረመዳን መጾም ይችላሉ? ሁለቱም ከተሠሩ አምስት ወራቸው ነው።

የዘንድሮውን ይለፉት እንላለን። እናትየው ላይ ችግሩ መጠኑ ነው። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ 60 ግራም ለማግኘት ወደ 670 ግራም ምስር መብላት ሊኖርባቸው ነው። ያ ጨጓራ ይህን በቀን አይችልም። በ55 ቀን ውስጥ ጡንቻቸው ያልቃል። አባትየው ላይ ደግሞ ውሃው ነው፤ በየ15 ደቂቃው ፉት እየተባለ የሚሞላው 1.5 ሊትር በአፍጥርና በሱሁር መካከል አይጨመቅም። የመጀመሪያው ዓመት አልፎ ምርመራቸው ጥሩ ከሆነ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው አለመጾም መፈቀዱን ነፍስ አባታቸውና ሼሁ ቢነግሯቸው ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ። አብረው ካልጾሙ ከመጅሊሱም ከማኅበሩም የወጡ እንዳይመስላቸው ልጆች አጠገባቸው ሁኑ።

የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቴን እንደ በፊቱ ልቀጥል? (ከደሴ)

እንደ በፊቱ አይሆንም። ምግቡ አንሶ ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን በድሮው መጠን ከቀጠለ ስኳሩ ከ70 በታች ይወርዳል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ። ያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይውሰዱ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ። ግፊትዎን ተኝተውና ቆመው ይለኩ፤ ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ የሚያሸናው ክኒን እንዲቀነስ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በራስዎ አያቋርጡ።

ፀጉሬ እየረገፈ ነው። (ከኮምቦልቻ)

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ይረግፋል፣ ይመለሳል። ከዓመት በኋላም ካልቆመ አይረንና ፕሮቲን ይመርመሩ።

ቡናና ጫትስ? (ከወልዲያ)

ጫት ይቅር። አፍ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ የዚያን ቀን ፕሮቲንም ውሃም አይሞላም። ቡና የመጀመሪያው ወር ካለፈ በኋላ ቀጭን ሆኖ ያለ ስኳር ይቻላል፤ ከአይረን ክኒኑ ግን ሁለት ሰዓት ይራቅ። ከረከቦቱ ዙሪያ መነሳት አያስፈልግዎትም። አቦሉን በውሃ አቅጥነው ይጠጡ፤ ቶናና በረካው ሲቀዳ ምልክት ባደረጉባት ሲኒ ውሃዎን ፉት ይበሉ።