«ደኅንነቱ ተረጋግጧል» ወይስ «ጉዳት አልታየበትም»?

ጥያቄ፦ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የተጻፈ የምርምር ዜና ሳነብ «የዕፁ ጭማቂ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ደኅንነቱ ተረጋግጧል» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። ደኅንነት ለሰው እንጂ ለዕቃ ይነገራልን? «ጭማቂ» የሚለውስ ቃል ተገቢ ነውን?

መልስ፦ የጠየቁት ስለ ሁለት ቃላት ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሳይጠይቁ ያለፉት «ተረጋግጧል» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። በየተራ እናያቸዋለን።

«ደኅንነት» መዳንን፣ ከክፉ ማምለጥን ከሚያመለክተው «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። «ዳነ»፣ «ደኅና» እና «መድኃኒት» ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ስለሆኑ፣ ብዙዎች በ«ህ» ቢጽፉትም እኔ በ«ኅ» መጻፉን እመርጣለሁ። በሥሩ ከሄድን የሚድነው ነፍስ ያለው ስለሆነ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ «የ»ን በብዙ መንገድ ይጠቀምበታል፤ «የሕፃናት ደኅንነት» ስንል የሚጠበቁት ሕፃናቱ ሲሆኑ፣ «የመንገድ ደኅንነት» ስንል ግን ለመንገዱ የሚሰጋ የለም፤ የሚታሰበው ለተጓዡ ነው። «የመድኃኒቱ ደኅንነት»ም እንደዚሁ የወሳጁ ደኅንነት ማለት በመሆኑ ስሕተት አልለውም። በነገራችን ላይ ይኸው «የ» በቤተ ሙከራ ጽሑፍ ውስጥ ሊያስቅ ይችላል፤ «የራስ ምታት መድኃኒት» ራስ ምታትን ያስታግሣል፣ «የአይጥ መድኃኒት» ግን አይጥን ይገድላል። ስለዚህ «የአይጥ መድኃኒት ሙከራ» ብሎ የጻፈ ተመራማሪ ያሰበውን ተቃራኒ ተናግሯል።

«ጭማቂ»ን ግን አልቀበለውም። ጭማቂ ከእርጥብ ነገር ተጨምቆ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። በቤተ ሙከራ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ሌላ ነው፤ ቅጠሉ ወይም ሥሩ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውኃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ከዚያም ፈሳሹ ተንኖ ወፍራም ወይም ደረቅ ነገር ይቀራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጨመቅ የለም። አንዳንዶች «ንጥር» ይሉታል፤ እርሱም ጠርቶ የነጠረን ነገር ስለሚያመለክት፣ ብዙ ንጥረ ነገሮች ተደባልቀው ለሚገኙበት ለዚህ ቅሪት አይስማማውም። «በአልኮል ተዘፍዝፎ የተገኘ ደረቅ ቅሪት» ቢባል ረዘም ይላል እንጂ አያሳስትም። ውኃና አልኮል ከአንድ ቅጠል የሚያወጧቸው ነገሮች ስለሚለያዩ በምን እንደተዘፈዘፈ መጥቀስም የግድ ነው፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው አይመሰክርምና።

አሁን ወደ ማሰሪያው እንምጣ። «አልታየም» እና «የለም» በአማርኛ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የተመልካቹን ዐይን ልክ ይናገራል፣ ሁለተኛው ስለ ነገሩ ይፈርዳል። በተለመደው የአንድ ጊዜ መጠን ፈተና አይጦች እስከ 2000 ሚሊ ግራም በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ይሰጣቸዋል፤ 25 ግራም የምትመዝን አይጥ 50 ሚሊ ግራም ትወስዳለች ማለት ነው። ከዚያም ለ14 ቀናት ፀጉራቸው መቆሙ፣ መንቀጥቀጣቸው፣ መፍዘዛቸው፣ ክብደታቸው መቀነሱ ይታያል። አንዳቸውም ባይሞቱ የተገኘው «በዚህ መጠን፣ በእነዚህ እንስሳት፣ በእነዚህ ቀናት ጉዳት አልታየም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ቀስ እያለ የሚከማች ጉዳት በዚህ ፈተና ላይታይ ይችላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤልጅየም ለማቅጠኛ ተብሎ የተሰጣቸውን፣ አሪስቶሎኪያ የተባለ ዕፅ የገባበትን ድብልቅ ለወራት የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው የተጎዳው ቀስ በቀስ ነበር። በየቀኑ እየተሰጠ ለ28 ወይም ለ90 ቀናት የሚካሄድ ፈተና፣ በመጨረሻም ጉበትንና ኩላሊትን በማይክሮስኮፕ መመርመር ያስፈለገው እንዲህ ያለውን ለመያዝ ነው። እነዚህን የፈተና ዓይነቶች «አጣዳፊ» እና «ሥር የሰደደ» ማለት ከበሽታ ስም የተወረሰ ነው፤ «የአንድ ጊዜ» እና «የተደጋጋሚ መጠን» ፈተና ማለት ግን የተሠራውን ሥራ በቀጥታ ይነግረናል።

ሌላም አሳሳች ሐረግ አለ። ትሬቫን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1927 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውን መለኪያ አንዳንዶች «ግማሽ ገዳይ መጠን» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ሲነበብ በግማሽ የሚገድል፣ ገድሎ ያልጨረሰ ይመስላል። መለኪያው ግን መጠኑን ከወሰዱት እንስሳት ግማሾቹን ፈጽሞ የሚገድለው ነውና «ግማሾቹን የሚገድል መጠን» መባል አለበት።

እንግዲህ ያነበቡት ዜና በአንድ ጊዜ መጠን ፈተና ላይ የተመሠረተ ከሆነ እኔ እንዲህ አርመው ነበር፦ «በአልኮል ተዘፍዝፎ የተገኘው የቅጠሉ ደረቅ ቅሪት፣ 2000 ሚሊ ግራም በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ተመጥኖ አንድ ጊዜ ለአይጦች በአፍ ሲሰጥ፣ በ14 ቀናት ክትትል ውስጥ ሞትም ሆነ የመመረዝ ምልክት አልታየም።»