የባሕር ጠላቂዎች ጀልባ ላይ ስለ ማደር፦ «ስለ እሳት ምን ልጠይቅ?» ላልከው

«ሌሊት ሳይተኛ የሚያድረው ማነው? በየስንት ደቂቃውስ ይዞራል?» ብለህ ጠይቅ። ከጅማ ተነስተህ ቀይ ባሕር ላይ ስድስት ሌሊት ለማደር ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ይህን በጽሑፍ ይመልሱልህ። «ካፒቴኑ አለ» መልስ አይደለም፤ ካፒቴኑም ይተኛል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንሴፕሽን በምትባል የጠላቂዎች ጀልባ ላይ ሌሊት እሳት ተነስቶ 34 ሰዎች ሞተዋል። ዞሮ የሚያይ ዘብ አልነበረም። ከታችኛው መኝታ ሁለት መውጫ ነበር፤ ግን ሁለቱም የሚያወጡት እሳቱ ወዳለበት ወደዚያው ሳሎን ነው።

ስለዚህ እንደተሳፈርክ፦

1. ሁለተኛውን መውጫ ዓይንህን ጨፍነህ በዳሰሳ ውጣበት። ሁለቱም አንድ ቦታ የሚያወጡ ከሆነ ከላይ ያለ ክፍል ጠይቅ።

2. የካሜራና የባትሪ መብራት ሊቲየም ባትሪህን ቀን፣ ሰው እያየው ቻርጅ አድርግ። ተሰክቶ አይታደርም፣ በተለይ መኝታ ክፍል ውስጥ።

3. የጭስ ማስጠንቀቂያውን አስጩኸው እንዲያሰሙህ ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የዘብ መዝገብ አትመን። እዚሁ ጅማ የቡና መጋዘን ሳስጠብቅ ዘበኛችን በየሰዓቱ ይፈርም ነበር። በኋላ ስንደርስበት ለካ የሌሊቱን ፊርማ ሁሉ እራት ሳይበላ ጨርሶት ነው የሚተኛው! (ፊርማው ደግሞ ሲያምር።)

አንተም አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስና ጀልባዋን ዙር። «ምን ፈለግህ?» የሚልህ ካጣህ፣ ዘብ የለም ማለት ነው፤ ካፒቴኑን ያኔውኑ ቀስቅሰው።