መልስ፦ ካናዳ ሄደን ባህላችንን ጠብቀን መኖር እንችላለን?

ጤና ይስጥልኝ። ልጆችዎን ይዘው ከባሕር ዳር ወደ ካናዳ ሊሄዱ እንደሆነ ገልጸው፣ እዚያ ባህልና ቋንቋን ጠብቆ መኖር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ከጣና ዳር ወጥቼ ቶሮንቶ የምኖር በመሆኔ የማውቀውን ልንገርዎት።

በሕግ በኩል ስጋት አይግባዎ። ካናዳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ሰው ባህሉን ጠብቆ እንዲኖር የሚደግፈውን የብዝኃ ባህል ፖሊሲ አውጃ በ1988 በሕግ አጽንታዋለች።

ሕጉ ግን መብት ይሰጣል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ክልከላ ሳይኖር ቋንቋ እንዴት እንደሚጠፋ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የጣና ዳር ወይጦዎች የቀድሞ ቋንቋቸውን አጥተው ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ታንኳቸውን እየተጠቀምን በማዕድና በጋብቻ ግን ለረጅም ዘመን ያገለልናቸው እኛው ጎረቤቶቻቸው ነን፤ ይህም በስደት ሆኜ ሳስበው እጅግ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ለእኔ ብዝኃነት በበዓል ቀን ከሚታየው ጭፈራና ምግብ ይልቅ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በእኩልነት ተቀምጦ መብላቱ ነው፤ እርስዎም ከአገር ልጆች ጋር ብቻ እንዳይወሰኑ አደራ እላለሁ።

ልጆችዎን ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ ያነጋግሩ። ቶሮንቶ ወዳለችበት ክፍለ ግዛት፣ ወደ ኦንታሪዮ፣ ከገቡ ደግሞ፣ የ25 ተማሪዎች ወላጆች በጽሑፍ ከጠየቁ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው የትምህርት ቦርድ የጠየቁትን ቋንቋ ማስተማሪያ ክፍል የሚከፍትበት ሥርዓት ስላለ፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው ቀደም ብለው ያመልክቱ።