የመጨረሻውን ቃል ማን ይናገር? ስለ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት አንድነት ጥያቄና መልስ

ስለ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት አንድነት ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር፤ ጎረፈልኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስድብ ብቻ የሆኑትን ትቼ መልሻለሁ። ወገኔን አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ያደገች ናት። ክርክሩ እራት ላይ ሳይቀር ይነሳል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መምህር፣ ጸቡ እኮ የእምነትና የሥራ ጉዳይ ነው። አንዱ «በእምነት ብቻ» ይላል፣ ሌላው «ሥራም» ይላል። ይሄ እንዴት ይታረቃል?

ይሄኛው በአብዛኛው ታርቋል። ብዙ ሰው አልሰማም እንጂ። ኦክቶበር 31 ቀን 1999 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አውግስቡርግ ላይ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ እግዚአብሔር የሚቀበለን በጸጋው ብቻ፣ በክርስቶስ በማመን ነው እንጂ ሠርተን ስላተረፍን አይደለም። መንፈስ ቅዱስ ደግሞ ልባችንን አድሶ ለመልካም ሥራ ያስነሳናል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተወራወሩት ውግዘትም መግለጫው ላይ የሰፈረውን ትምህርት አይመለከትም ተባለ። ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት በ2017 ተቀበሉት። መካነ ኢየሱስም ከ1963 ጀምሮ የፌዴሬሽኑ አባል ናት፤ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ሁሉም ግን ፈርሟል ማለቴ አይደለም። ጴንጤቆስጤዎችና ባፕቲስቶች የሉበትም። ከሉተራኖችም አልዋጥላቸው ያለ አሉ።

ከተስማሙ ታዲያ ለምን አንድ አይሆኑም?

የቀረው «ማን ይወስን?» የሚለው ስለሆነ። አዲስ ነገርም አይደለም። በ1541 ሬገንስቡርግ ላይ የሁለቱም ወገን ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ በካቶሊክ በኩል ካርዲናል ኮንታሪኒ፣ በፕሮቴስታንት በኩል ሜላንክቶንና ቡትሰር። ስለ መጽደቅ ተስማሙ! ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣንና ቅዱስ ቁርባን ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተበላሸ። የተስማሙበትንም ሮም አልወደደችውም፣ ተሐድሶውን የጀመረው ሉተርም አልወደደውም። አራት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎም የቆምነው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው።

ሉተር የተጣላው የስርየት ወረቀት ስለተሸጠ አይደል እንዴ? ሥልጣን ከየት መጣ?

በ1517 ሲጀምር አዎ፣ የኃጢአትን ቅጣት ያስቀራል እየተባለ የሚሸጠው ወረቀት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን መልኩ ተቀየረ። የቀየረው ዮሐንስ ኤክ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ካቶሊክ ነው። ጁላይ 1519 ላይፕዚግ ላይ ክርክር ገጠሙ። ኤክ ስለ ወረቀቱ ብዙም አልተጨነቀም። «አንተ የምትለውን እኮ ያን ሁስም ብሎታል» አለው። ሁስ በ1415 በኮንስታንስ ጉባኤ ተፈርዶበት የተቃጠለ የቦሄሚያ ሰው ነው። የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲን የመሠረቱት ደግሞ በዚያው በሁስ ዘመን ከፕራግ ጥለው የወጡ ጀርመኖች ናቸው። ስሙ በዚያ አዳራሽ ሲነሳ ምን ስሜት እንደሚፈጥር አስቡት።

ሉተር መጀመሪያ ሸሸ። ቆይቶ ግን ከተወገዙት የሁስ ትምህርቶች መካከል ብዙዎቹ ፍጹም ክርስቲያናዊ ናቸው አለ። አለቀ! ጉባኤም ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው መስፍን ጊዮርጊስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ጮክ ብሎ ተራገመ ይባላል። መስፍኑ ወዲያው ገብቶታል። ጳጳሱም ጉባኤውም ሊሳሳቱ ከቻሉ፣ ሁለት ሰው መጽሐፍ ቅዱስን በተለያየ መንገድ ሲያነብ ዳኛው ማን ነው? በእኔ እይታ የተለያየነው በ1517 ሳይሆን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ፖፑ አይሳሳቱም ብላችሁ ታምናላችሁ። ሰው አይደሉም?

ሰው ናቸው። ኃጢአት ይሠራሉ፣ ይናዘዛሉ፣ አስተያየታቸውም ሊስት ይችላል። በ1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ያወጀው ጠበብ ያለ ነው፦ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የሁሉ እረኛና መምህር ሆነው፣ ስለ እምነት ወይም ስለ ምግባር፣ መላዋ ቤተ ክርስቲያን ልትይዘው የሚገባ ትምህርት በመጨረሻነት ሲወስኑ ነው የማይሳሳቱት። ከዚያ ወዲህ ይህ በግልጽ የተደረገው አንድ ጊዜ ነው፤ በ1950 ፒዮስ 12ኛ ስለ እመቤታችን ፍልሰት ሲያውጁ። አውሮፕላን ላይ ለጋዜጠኛ የሚሰጡት መልስ እዚህ ውስጥ አይገባም። ይህን ካቶሊኮችም ያምታቱታል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1995 ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ለሌሎች ክርስቲያኖች፣ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አገልግሎት ሁላችንም በምንቀበለው መንገድ እንዴት ሊከናወን እንደሚችል አብረን እንፈልግ ብለው ጻፉ። መልሶቹ ተሰብስበው በ2024 ቫቲካን በጥናት ሰነድ አወጣቻቸው። ሥልጣኑ ይቅር አልተባለም። አሠራሩ ግን ለውይይት ክፍት ነው።

ማቴዎስ 16 ላይ ጌታ ለጴጥሮስ «በዚህ ዓለት ላይ ቤተ ክርስቲያኔን እሠራለሁ» ሲለው፣ ዓለቱ ጴጥሮስ ነው ወይስ እምነቱ?

በአንድ ጥቅስ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ድሮ ባለቀ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ራሱ ሁለቱንም ተናግሮ፣ በእርጅናው ሥራዎቹን ሲያርም አንባቢ የተሻለውን ይምረጥ ብሎ ትቶታል። እኔ ጴጥሮስ ነው ባይ ነኝ። ለካቶሊኩ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጴጥሮስ ቢሆንስ፣ ሮም ላይ ያለው ጳጳስ ወራሽ መሆኑ ከየት መጣ? እዚያ ላይ ትውፊትን ሳይጠሩ መመለስ አይቻልም። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ትውፊትን በዳኝነት አይቀበልም። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

እኛ ጴንጤዎች ግን ይሄ ችግር የለብንም። ሥልጣናችን ቃሉ ብቻ ነው፣ ሰው አያዘንም።

ወንድሜ፣ እስቲ ረጋ ብለን እንየው። በ2009 የስዊድን ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ መፈጸም ጀመረች። የአሜሪካ ሉተራኖችም በዚያው ዓመት በተመሳሳይ ጾታ ጥምረት የሚኖሩ ሰዎች ፓስተር እንዲሆኑ ፈቀዱ። መካነ ኢየሱስ ይህ ከቃሉ ውጭ ነው አለች። እነሱም ቃሉን እናነባለን አሉ። ተነጋገሩ፣ አልሆነም። በ2013 መካነ ኢየሱስ ከሁለቱም ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። እነዚህ እንግዳ አይደሉም፤ የስዊድን ሚስዮናውያን ለመካነ ኢየሱስ ያላቸውን ድርሻ የወለጋ ሰው ያውቀዋል። ሁለቱን የሚዳኝ ሦስተኛ አካል ግን አልነበረም። የነበረው አማራጭ መለያየት ነው።

ካቶሊኮችስ? ዲሴምበር 2023 ቫቲካን በተመሳሳይ ጾታ ጥምረት የሚኖሩትን ካህን ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ ሊባርክ ይችላል የሚል ሰነድ አወጣች። የአፍሪካ ጳጳሳት ደነገጡ። የኪንሻሳው ካርዲናል አምቦንጎ ሮም ሄደው ተነጋገሩ። ጃንዋሪ 2024 የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች ይህ ቡራኬ በአፍሪካ ተገቢ አይሆንም ብለው በጋራ መግለጫ አወጡ፤ ሮምም አወቀችው፣ ተስማማችም። ማንም ከማንም አልተቆረጠም።

እኛ በለጥን እያልኩ አይደለም። አንዲት ሉተራን እህት «እናንተ ተኮራርፋችሁም አንድ ቤት ትኖራላችሁ፣ እኛ ቢያንስ ያመንነውን እንናገራለን» ብላኛለች፤ ትንሽም ትክክል ናት። «ሰው አያዘንም» የሚለው ግን አይሆንም። የሰፈራችሁን ፓስተር «ተሳስተዋል» ብላችሁ አንድ እሑድ ሞክሩት።

ባለቤቴ ካቶሊክ ነው፣ እኔ ፕሮቴስታንት። አብረን መቁረብ እንችላለን?

እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ የእኔም ቤት ጥያቄ ነው። እንደ ሕጉ አይቻልም፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር። ለሞት መቃረብ ወይም ጳጳሱ የሚቀበለው ከባድ ምክንያት ሲኖር፣ የራስሽን አገልጋይ ማግኘት ሳትችዪ፣ በገዛ ፈቃድሽ ስትጠይቂና በቁርባኑ ላይ ያለሽ እምነት ከካቶሊኩ ጋር ሲገጥም ነው። በ2015 ሮም ውስጥ ባለ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ያንቺው ዓይነት ሴት ይህንኑ ፍራንሲስኮስን ጠየቀቻቸው። ከጌታ ጋር ተነጋገሩና ወደ ፊት ቀጥሉ፣ ከዚህ በላይ ለማለት አልደፍርም የሚል መልስ ሰጡ። ለምእመናኑ ያመጡት ስጦታ ደግሞ ጽዋ ነበር! ሰው ሁሉ እንደፈለገው ተረጎመው፤ ሕጉ ግን አልተቀየረም። የእኔና የባለቤቴ መንገድ እሑድ እሑድ ሁለት ቦታ ነው። ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሽሽም።

ካቶሊክ ልሆን ነው። ድጋሚ እጠመቃለሁ?

በውኃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ከተጠመቅክ አትጠመቅም። መካነ ኢየሱስ የተጠመቀ ሰው ማስረጃውን ይዞ ይምጣ። በተቃራኒው ግን ከካቶሊክ ወደ ቃለ ሕይወት ወይም ሙሉ ወንጌል የሚሄድ፣ በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው እንደገና ይጠመቃል። እነሱ የሚያጠምቁት ራሱ አምኖ የመሰከረን ነው።

ቫቲካን ፕሮቴስታንቶችን «ቤተ ክርስቲያን» አትላቸውም አሉ። እውነት ነው?

እውነት ነው። የ2000ው ሰነድ «የቤተ ክርስቲያን ማኅበረሰቦች» ነው የሚላቸው፤ ከሐዋርያት ጀምሮ ሳይቋረጥ የወረደ የጳጳሳት ቅብብል የላቸውም በሚል። ባለቤቴ ስትሰማው አንድ ሳምንት አኩርፋለች።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እኛ በዚህ ውስጥ የት አለን?

ከምታስበው በላይ ቅርብ ነህ። በ1534 አባ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል። ሉተርም ከሮም ውጭ የኖረ ጥንታዊ ክርስትና አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ።

አብሮ መጸለይስ ይቻላል? ወይስ እሱም ክልክል ነው?

ይቻላል። ድሮ ክልክል ነበር፤ በ1928 ፒዮስ 11ኛ ካቶሊኮች እንዲህ ባለ ስብሰባ እንዳይገኙ ጽፈው ነበር። በ1964 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በሩን ከፈተ። ለክርስቲያኖች አንድነት የሚጸለይበት ሳምንት በየዓመቱ ከጃንዋሪ 18 እስከ 25 ነው። እኛ ጋ መጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ከከተራና ከጥምቀት ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ ለጸሎቱ የምትሄዱ መንገድ ሳይዘጋ በጊዜ ውጡ።