ስለ አውሮፕላን ግዢ ለጠየቃችሁኝ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፤

ከመካከላችሁ አንዱ፣ «ከአፈር ሜዳ ለሚነሣ የጦር ማመላለሻ የትኛው ቀላል አውሮፕላን ይሻላል?» ብሎ የጻፈልኝ ጥያቄ የቆየ ቁጭት ቀስቅሶብኛል።

ወጣት ሳለሁ፣ የምሠራበት ክፍል አውሮፕላን ሲመርጥ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ውይይቱ ሁሉ ስለ ፍጥነትና ስለ ጭነት ነበር። በመጨረሻ አስተያየት እንዲሰጡ የተጠሩት አንድ አንጋፋ መካኒክ ግን ንግግሩን ትተው ወደ ሃንጋር፣ ማለትም ወደ አውሮፕላን መጠለያው፣ እንድንወርድ ለመኑ፤ የሄድነው እኔና አንድ አብራሪ ብቻ ነበርን። እዚያም ጣቴን ይዘው አውሮፕላኑን እየተሽከረከረ በሚስበው ምላጭ፣ በአንድ ፕሮፔለር የፊት ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት። የምስር ፍሬ የሚያህሉ ጎድጓዳ ጠባሳዎች ይቆረቁሩኝ ነበር። ጠጠር የመታው ቦታ ሳይውል ሳያድር ተሞርዶ ካልለሰለሰ በሽክርክሪቱ ኃይል እየተሰነጠቀ እንደሚሄድ፣ በተሞረደ ቁጥር ደግሞ ብረቱ እየሳሳ መጥቶ መመሪያው ከፈቀደው ልክ ሲያልፍ መጣል እንዳለበት አስረዱን። ከዚያም «የዚህ ምትክ ከታዘዘ በስንት ወር እጃችን ይገባል?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄውን ጻፍሁት፤ በጸደቀው ቃለ ጉባኤ ላይ ግን «ዝርዝር ጉዳይ ነው» ተብሎ ተሰርዞ አገኘሁት። አውሮፕላኖቹ መጡ፤ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ለሌሎቹ መለዋወጫ እየተፈታ ቆሞ ቀረ። እኚያ ሰው ጡረታ ሲወጡ እንኳ «ልክ ነበሩ» ያላቸው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ለአፍጋኒስታን አየር ኃይል 20 ያገለገሉ የጣሊያን ጂ222 አውሮፕላኖችን ገዝታ ነበር። አውሮፕላኑ ባልተነጠፈ ሜዳ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን መለዋወጫና ጥገና አጥቶ፣ 486 ሚሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. 16ቱ ካቡል ላይ ተቆራርጠው በ32,000 ዶላር ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ።

የዛሬ ወጣቶች አውሮፕላን ለመነሣት የሚያስፈልገውን የመንደርደሪያ ርቀት ከኢንተርኔት እያነበባችሁ ትከራከራላችሁ፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል ከፍታና በ15 ዲግሪ ሙቀት የተሰላ መሆኑን ግን ጥቂቶች ናችሁ የምታስተውሉት። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ በቀትር 25 ዲግሪ ሲሞቅ፣ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ አውሮፕላኑ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሣው። ህንድ የመረጠችው አንቶኖቭ-32 የተባለው የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ለዚህ የሚሆን ጉልበተኛ ሞተር አለው፤ ሞተሩም ከክንፉ በላይ ስለተቀመጠ ፕሮፔለሩ ከጠጠር ይርቃል። ትዊን ኦተር የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ የጎማ እግሩ አይታጠፍም፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም የሚበላሽ ነገር ያንሳል። ፍጥነትን አቃልያለሁ፤ ሆኖም ቁስለኛ የጫነ አብራሪ እያንዳንዷን ደቂቃ እንደሚናፍቅ አልክድም።

ውል ስትፈርሙ፣ ሻጩ የፕሮፔለር፣ የጎማና የፍሬን መለዋወጫ የሚያደርስበትን ጊዜ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሙከራው በአስፋልት ላይ ሳይሆን እናንተ በመረጣችሁት የጠጠር ሜዳ፣ በመጋቢት ቀትር፣ በሙሉ ጭነት ይደረግ። ሲያርፍም ፕሮፔለሩን መጀመሪያ የሚፈትሸው የራሳችሁ መካኒክ ይሁን፤ እሱም ድምፅ ያለው የኮሚቴ አባል ሆኖ ይፈርም።